የወንዝ እርከን የደን አፈር ምንድን ነው? ሬድውዶቹ የቆሙበት መሬት

በሰሜን ካሊፎርኒያ የባህር ዳርቻ ሬድውድ የሚባሉ ዛፎች አሉ። ከ100 ሜትር በላይ የሚረዝሙ አሉባቸው። የሚያያቸው ሰው ሁሉ አንገቱን ቀና አድርጎ ጫፋቸውን ይፈልጋል፤ ፎቶውም ወሬውም ስለ ቁመታቸው ነው። እኔ ዛሬ ማውራት የፈለግሁት ከስራቸው ስላለው አፈር ነው። ምክንያቱም ግዙፎቹ ሬድውዶች ተጠጋግተው፣ ጥቅጥቅ ብለው የሚቆሙት በኢል ወንዝ፣ በቡል ክሪክና በሬድውድ ክሪክ (ክሪክ ትንሽ ወንዝ ማለት ነው) ዳርቻ ባለው ለጥ ያለ መሬት ላይ ነው። ያንን መሬት የሸፈነው አፈር የአፈር ባለሙያዎች ለብቻው ለይተው የሚያጠኑት ዓይነት ነው፦ ባህር አቅራቢያ ባለ የወንዝ እርከን ላይ የሚገኝ ሎም የደን አፈር።

ስሙ ረዘም ቢልም እያንዳንዱ ቃል የራሱ ስራ አለው።

እርከን ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ገበሬው ተዳፋት ላይ በድንጋይ የሚሰራው ነው። ይሄኛውን የሰራው ወንዙ ራሱ ነው። ወንዝ ሲሞላ ግራና ቀኝ ይተኛል፣ ውሃው ሲረጋ የተሸከመውን ያራግፋል፣ እንዲህ እያለ ዳርና ዳር ሜዳ ይዘረጋል። በኋላ መሬቱ ከስር ወደ ላይ ሲገፋ ወይም የወንዙ ጉልበት ሲለወጥ፣ ወንዙ ወደ ታች መቆፈር ይጀምራል። የድሮው ሜዳ ከላይ ይቀራል። እርከን ማለት ይሄ ነው። አንድ ወንዝ ዳር ሁለት ሦስት እርከን ተደራርቦ ሊገኝ ይችላል። ከፍ ያለው ያረጀው ነው፣ ዝቅ ያለው ደግሞ ገና ልጅ ነው፣ ጎርፍም አሁን ድረስ ይጎበኘዋል።

ሎም ደግሞ የአሸዋ፣ የደለልና የሸክላ ድብልቅ ነው። ልዩነታቸው መጠን ነው። አሸዋ ከ2 ሚሊ ሜትር እስከ 0.05 ሚሊ ሜትር፣ ደለል ከዚያ እስከ 0.002፣ ሸክላ ከዚያም ያነሰ። በአሜሪካ አመዳደብ ሎም የሚባለው ሸክላው ከ7 እስከ 27 በመቶ፣ ደለሉ ከ28 እስከ 50 በመቶ ሆኖ፣ አሸዋው ከ52 በመቶ ሳይበልጥ ነው። ቁጥሩ ባይያዛችሁም ችግር የለውም፣ እጅ ይበቃል። እፍኝ አፈር ውሰዱ። ውሃ ጠብ ጠብ አድርጉበትና አሹት። ከዚያ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ቀስ እያላችሁ ወደ ውጪ ግፉት። አሸዋ ከሆነ ገና ሳይጀምር ይበተናል። ሸክላ ከሆነ 5 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ሳይቆረጥ ይመዘዛል። ሎም ከሆነ ግን ትንሽ ወጣ ይልና 2 ሴንቲ ሜትር ተኩል እንኳ ሳይሞላ ይበጠሳል። ጣታችሁ ላይ ትንሽ ይሻክራል፣ ትንሽ ደግሞ ይለሰልሳል፤ ልስላሴው ከደለሉ የመጣ ነው።

ዋልካ መሬት ላይ ያደገ ሰው ይሄ ድብልቅ ለምን ትልቅ ነገር እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል። ዋልካ ሸክላው ስለበዛ ክረምት ላይ እግር ይዞ አይለቅም፣ በጋ ላይ ደግሞ ይሰነጣጠቃል። አሸዋ በበኩሉ ውሃ አይዝም፣ ወዲያው ያፈሰዋል። ሎም ሥሩ የሚጠጣውን ውሃ ይይዛል፣ ትርፉን ይለቃል፣ አየርም ያሳልፋል።

ሎሙ እዚያ እንዴት ተገኘ የሚለው ደግሞ የጎርፍ ስራ ነው። ውሃ ሲፈጥን ጠጠርም ድንጋይም ይሸከማል። ፍጥነቱ ሲቀንስ መጀመሪያ የሚጥለው ከባዱን ነው። ስለዚህ ወንዙ ጠርዝ ላይ ጠጠርና አሸዋ ይቀራል፣ ራቅ ብሎ ደለሉ ይሰፍራል፣ ከሁሉም ርቆ ውሃ የሚቆምበት ጥግ ላይ ሸክላው ይወርዳል። መሃል ላይ ያለው ሰፊ ቦታ የሎም ነው። ጥሬ ዕቃው ደግሞ አያልቅም። የዚያ አካባቢ ተራሮች የተሰሩት በቀላሉ ከሚፈረፈር የአሸዋና የጭቃ ድንጋይ ነው፣ ዝናቡ ከባድ ነው፣ መሬቱም ከስር እየተገፋ ነው። ኢል ወንዝ ከተፋሰሱ ስፋት አንጻር በአሜሪካ ብዙ ደለል ከሚሸከሙት ወንዞች አንዱ ነው። እኛ አገር ቆቃ ግድብን ያስጨነቀው ዓይነት ደለል ማለት ነው፣ እዚያ ግን ደን አብቅሏል።

አሁን ወደ ዋናው ጠባዩ ልምጣ፣ እኔን ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ ይሄ ነው። ወንዙ ዳር የተናደ ገደል ካገኛችሁ ፊት ለፊቱ ቁሙና ከላይ ወደ ታች ተመልከቱት። ከላይ የረገፈ ቅጠልና ቅርንጫፍ አለ፣ ከስሩ ብስባሽ የበዛበት ጠቆር ያለ አፈር፣ ከዚያ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ደለል። እስከዚህ ድረስ ማንኛውም የደን አፈር ነው። ትንሽ ዝቅ ስትሉ ግን እንደገና ጠቆር ያለ መስመር ይመጣል። ከዚያ እንደገና ፈዛዛ። ከዚያ እንደገና ጥቁር። እያንዳንዱ ጥቁር መስመር በአንድ ወቅት የመሬቱ ፊት ነበር፣ ዛፍ ቅጠሉን ያረገፈበት፣ ፈርን የሚባለው ቅጠላማ ተክል የበቀለበት፤ ከዚያ ጎርፍ መጥቶ ቀበረው። በተለመደው አፈር ብስባሹ ወደ ታች ሲወረድ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ይሄዳል። እዚህ ይቀንሳል፣ ይጨምራል፣ ደግሞ ይቀንሳል። የአፈር ባለሙያዎችም ወንዝ ያመጣውን አፈር ከሌላው የሚለዩበት አንዱ ምልክት ይሄው ብስባሹ ውስጥ ያለው የካርቦን መዋዠቅ ነው።

ስለዚህ ይሄ አፈር ወጣት ነው። ሸክላ ወደ ታች ታጥቦ ወፍራም ንብርብር ለመስራት ረጅም ዘመን ይፈልጋል፣ እዚህ ያ ጊዜ አልተገኘም። ማዕድኑም ገና አልታጠበም። ወጣትነቱ ሀብቱ ነው።

አላመናችሁኝም? ከዚያ ወደ ደቡብ ሜንዶሲኖ ካውንቲ ጃግሃንድል የሚባል ቦታ አለ። እዚያ ያሉት እርከኖች ባህር የቆረጣቸው ናቸው፣ አንዱ ካንዱ በ100 ሺህ ዓመት ገደማ ይበላለጣል። የአፈር ሳይንስ ሊቁ ሃንስ ጄኒ ብዙ የደከመበት ቦታ ነው። ባረጁት እርከኖች ላይ ዝናብ ለመቶ ሺህዎች ዓመታት ማዕድኑን አጥቦ ጨርሶታል፣ አፈሩ በጣም አሲዳማ ሆኗል፣ ከስር ደግሞ ሥር የማይበሳው ጠንካራ ንብርብር ተሰርቷል። እዚያ መቶ ዓመት የኖረ ዛፍ ከሰው ቁመት ላይበልጥ ይችላል። ባህሩ ያው ባህር ነው፣ ጭጋጉም ያው ነው። አፈሩ ግን አርጅቷል።

ጭጋግ ካልኩ አይቀር፣ የባህሩ ቅርበትም ለአፈሩ የራሱን ጠባይ ሰጥቶታል። በጋው ዝናብ የለውም ማለት ይቻላል፣ ግን ከፓስፊክ ጭጋግ ይገባል፣ ቅጠል ላይ ይጠራቀማል፣ ይንጠባጠባል፣ ላይኛውን አፈር ያረጥባል። የአፈሩ ሙቀትም በበጋና በክረምት መካከል ብዙ አይለያይም።

ከዛፉ ወገን ስናየው ደግሞ ጎርፉ ቀላል ፈተና አይደለም። ግንዱ አንድ ሜትር ደለል ውስጥ የተቀበረ ዛፍ ብዙውን ጊዜ ሥሩ አየር ያጣና ይሞታል። ዳግላስ ፈር የሚባለው የሬድውድ ጎረቤት ዛፍ እንደዚያ ነው የሚሆነው። ሬድውድ ግን ከተቀበሩት ሥሮቹ ወደ ላይ፣ ወደ አዲሱ ደለል ቀጫጭን ሥሮች ይልካል። ቆይቶ ደግሞ ከተቀበረው ግንድ ላይ ወደ ጎን የሚዘረጋ አዲስ ሥር ያወጣል። አንድ ዛፍ ፎቅ በፎቅ ሥር ይኖረዋል ማለት ነው። የበርክሌዩ የደን ሊቅ አማኑኤል ፍሪትዝ በ1930ዎቹ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ሪቻርድሰን ግሮቭ በሚባል የሬድውድ ደን ውስጥ የወደቀ አንድ ሬድውድ መርምሮ፣ ከ1,200 ዓመት በላይ እንደኖረና በዚያ ዕድሜው መሬቱ በዙሪያው 3 ሜትር ያህል ከፍ እንዳለ አሳይቷል። ተፎካካሪዎቹ በደለል ሲታፈኑ እሱ አዲስ ምግብ ያገኛል። በዚያ ላይ ወደ ታች ጠልቆ የሚገባ ዋና ሥር ስለሌለው አፈሩ ልቅ ሆኖ መቆየቱ ለሱ ግዴታ ነው፤ ብዙ እግር ከረገጠው ቀዳዳው ይደፈናል። በሬድውድ ፓርኮች ከመንገዱ አትውጡ የሚባለው አንዱ ለዚህ ነው።

ግን ጎርፍ ሁሉ በረከት አይደለም፣ እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ መናገር እፈልጋለሁ። ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የቡል ክሪክ የላይኛው ተፋሰስ ደን ተመነጠረ። ታች ያለው የሮክፌለር ደን የተጠበቀ ነበር፣ ማንም መጥረቢያ አላነሳበትም። በታህሳስ 1955 ከባድ ዝናብ ሲመጣ ግን ከላይ የተራቆተው ተራራ ጠጠሩን ወደ ታች ለቀቀው። የወንዙ አልጋ በጠጠር ሞላ። ውሃው መሄጃ ሲያጣ ወደ ጎን ዞሮ እርከኑን ከስር መብላት ጀመረ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ትልልቅ ሬድውዶችም ከነአፈራቸው ተገነደሱ። በታህሳስ 1964 ሌላ ጎርፍ ደገመው፤ ዊዮት የምትባለው ትንሽ ከተማ አጠገብ ውሃው የደረሰበትን ቦታ የሚያሳየው ምልክት ዛሬም ከመንገዱ በላይ 10 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይታያል። ሺህ ዓመት የገነባ ወንዝ ነው እንግዲህ በአንድ ሌሊት ያፈረሰው፣ ያውም ሰው ከላይ ስለነካው።

ሬድውድ ክሪክ ላይም ተመሳሳይ ነገር ተፈጠረ። የሬድውድ ብሔራዊ ፓርክ በ1968 ሲቋቋም ረጃጅሞቹ ዛፎች ያሉበትን የወንዝ ዳር ይዞ ነበር፣ ሽቅብ ግን ወንዙን ተከትሎ የሚሄድ ቀጭን መሬት ብቻ ነበር የተሰጠው። ከዚያ ወዲያ ያለው ተዳፋት የእንጨት ኩባንያዎች ነበር። እርከኑን ማዳን ተዳፋቱን ሳይዙ እንደማይሆን ሲታወቅ የአሜሪካ ኮንግረስ በ1978 ከ19 ሺህ ሄክታር በላይ ጨመረበት። አብዛኛው አስቀድሞ የተጨፈጨፈ ነበር። ከዚያ ወዲህ ፓርኩ ተዳፋቱ ላይ በትራክተር የወጡትን የድሮ የግንድ ማጓጓዣ መንገዶች አንድ በአንድ እያፈረሰ፣ የተደፈኑ ጅረቶችን እየከፈተ ነው፤ ስራው አላለቀም፣ ገና ብዙ መንገድ ይቀራል።