የልጅነት ጎጂ ገጠመኞች ምንድን ናቸው?

የልጅነት ጎጂ ገጠመኞች የሚባሉት ሰው 18 ዓመት ሳይሞላው በአብዛኛው በቤቱ የሚደርሱበትና ጤናውን እስከ ጎልማሳነቱ ሊከተሉት የሚችሉ ችግሮች ናቸው። ስያሜው በስፋት የታወቀው ቪንሰንት ፌሊቲና ሮበርት አንዳ የተባሉ ሐኪሞች ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1998 በአሜሪካ ባሳተሙት ጥናት ሲሆን፣ ከድብደባና ከጾታዊ ጥቃት ሌላ የአእምሮ ሕመም ካለበት ወይም የመጠጥና የአደንዛዥ ዕፅ ሱሰኛ ከሆነ ሰው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ማደግም ተቆጥሯል። አራትና ከዚያ በላይ ገጠመኞች ያሳለፉ ሰዎች፣ አንድም ካልገጠማቸው ጋር ሲነጻጸሩ፣ ለአልኮልና ለዕፅ ሱሰኝነት፣ ለድባቴና ራስን ለማጥፋት ሙከራ ያላቸው ተጋላጭነት ከ4 እስከ 12 እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል። ይህ የብዙ ሰው ድምር ስለሆነ የአንድን ልጅ ዕጣ መተንበያ አድርጎ መውሰድ ስሕተት ነው።

የወላጅ ሕመም ለልጁ የሚተርፈው በዘር ብቻ አይደለም። ኤድዋርድ ትሮኒክ የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ባደረጉት ሙከራ፣ ሕፃኗን ስታጫውት የቆየች እናት ለጥቂት ደቂቃ ፊቷን ምንም ስሜት የማይነበብበት እንድታደርግ ትጠየቃለች። ሕፃኗ መጀመሪያ ፈገግ ትላለች፣ እጇን ትዘረጋለች፣ መልስ ስታጣ ትነጫነጫለች፤ በመጨረሻ ፊቷን ታዞራለች። ከባድ ድባቴ ያለባት እናት ልጇን እየወደደች ፊቷ እንዲህ ሊከዳት ይችላል፤ ልዩነቱ የእሷ ደቂቃዎች ወራት መሆናቸው ነው።

የሱስ ጉዳት በሌላ መንገድም ይመጣል። በእርግዝና ወቅት የሚጠጣ አልኮል በእንግዴ ልጅ በኩል አልፎ የፅንሱን አንጎል ይጎዳል። ከተወለደ በኋላ ደግሞ የዛሬው አባት የትናንቱ ስለማይሆን፣ ልጁ ከበር የቁልፍ ድምፅ በሰማ ቁጥር አረማመዱን አዳምጦ የምሽቱን ሁኔታ መገመት ይለምዳል። ይህ ንቃት ኮርቲሶል የተባለውን የጭንቀት ሆርሞን ሥርዓት ሊያዛባ፣ እንቅልፍ ሊነሳና የሰውነትን በሽታ የመከላከል አቅም ሊያዳክም ይችላል፤ ምክንያቱ ያልታወቀ የሆድና የራስ ምታትም ይኖራል። ታናሿን አብልታ፣ እናቷን አስተኝታ ትምህርት ቤት የምትደርስ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ግን «እንዴት የበሰለች ናት!» ተብላ ትመሰገናለች። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ይህ ምስጋና ነው፤ የሚጠይቃት ሰው ያሳጣታልና።

ማይርና ዋይስማን የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት፣ እናቶቻቸው በሦስት ወር ሕክምና ከድባቴ የዳኑላቸው ልጆች የሥነ አእምሮ ችግሮቻቸው ሲቀንሱ፣ ሕመሙ ባልለቀቃቸው እናቶች ልጆች ዘንድ ግን ጨምረው ታይተዋል። በጥናቱ መድኃኒቱ የተሰጠው ለእናቶቹ ነበር።