ቀዝቃዛ ውህደት፦ የአማተሮች ሙከራና ያልተቋጨው ክርክር

ቀዝቃዛ ውህደት፣ ብዙዎች እንደሚጠሩት ኮልድ ፊውዥን፣ የሃይድሮጅን አስኳሎችን በተራ የክፍል ሙቀት አዋህዶ ኃይል ማግኘት ይቻላል የሚል ሐሳብ ነው። ይህን ለማሳየት የተደረጉ ሙከራዎችም በዚያው ስም ይጠራሉ። አብዛኛው የፊዚክስ ዓለም ሐሳቡን አይቀበለውም። ሙከራው ግን ከ1989 ወዲህ አልቆመም። በዩኒቨርሲቲዎች፣ በጡረተኛ ሳይንቲስቶች ቤትና በጋራዦች ሲደረግ ቆይቷል። ነገሩን ስላስጀመሩት ሁለት ኬሚስቶች ዝናና ውድቀት ብዙ ተጽፏል። ከኪሳቸው መሣሪያ ገዝተው፣ ያገኙትንም ያጡትንም ለሕዝብ ስላሳዩት አማተሮች፣ ማለትም በሙያ ሳይሆን በፍላጎት ስለሚሞክሩ ሰዎች፣ የተጻፈው ግን ጥቂት ነው። ይህ ዳሰሳ ወደ እነሱ ያደላል። ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሐሳቡ ከየት መጣ

የሃይድሮጅን አስኳሎች ሁሉም ፖዘቲቭ ስለሆኑ ይገፋፋሉ። እንዲዋሃዱ ይህን መገፋፋት ማሸነፍ ያስፈልጋል። በፀሐይ እምብርት ሙቀቱ ወደ 15 ሚሊዮን ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ሰው ሠራሽ የውህደት ማብላያዎች ደግሞ ከ100 ሚሊዮን ዲግሪ በላይ ይፈልጋሉ። ፓላዲየም የተባለው ብረት ግን ልዩ ባሕርይ አለው። ከራሱ ይዘት ብዙ መቶ እጥፍ የሚሆን የሃይድሮጅን ጋዝ መጥጦ ይይዛል። እንዲህ በብረት ውስጥ የታጨቁ አቶሞች ያለ ከፍተኛ ሙቀት ሊዋሃዱ ይችላሉ ወይ የሚለው ጥያቄ የቆየ ነው። በ1926 ፍሪትስ ፓኔትና ኩርት ፔተርስ የተባሉ ተመራማሪዎች በርሊን ውስጥ ሃይድሮጅን በፓላዲየም አማካይነት ወደ ሄሊየም ሲቀየር አየን ብለው አሳተሙ። ብዙም ሳይቆይ ሄሊየሙ ከአየርና ከመስታወቱ የመጣ መሆኑን ራሳቸው ደረሱበትና የጻፉትን አነሱ።

የ1989 ግርግር

ማርች 23 ቀን 1989 ማርቲን ፍላይሽማንና ስታንሊ ፖንስ በአሜሪካ ዩታ ክፍለ ግዛት፣ ሶልት ሌክ ሲቲ በሚገኘው የዩታ ዩኒቨርሲቲ፣ ጋዜጣዊ መግለጫ ሰጡ። ሁለቱም ተራ ሰዎች አልነበሩም። ፍላይሽማን በእንግሊዙ ሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ ስሙን ያስጠራ የኤሌክትሮኬሚስትሪ ሊቅና የሮያል ሶሳይቲ አባል ነበር። ፖንስ የዩታ የኬሚስትሪ ትምህርት ክፍል ኃላፊ ነበር። ለሥራው 100,000 ዶላር ያህል ከራሳቸው ኪስ እንዳወጡ ተናግረዋል። ከዚህ አንጻር እነሱም በሐሳብ ደረጃ ከአማተሮቹ ብዙ አይርቁም።

መሣሪያቸው ቀላል ነበር። አንድ የመስታወት ዕቃ አለ። ውስጡ ሊቲየም የተጨመረበት ከባድ ውሃ አለ። ከባድ ውሃ ማለት በሃይድሮጅን ፋንታ ዲዩቴሪየም የሚባለውን ከበድ ያለ ወንድሙን የያዘ ውሃ ነው። በመሃል የፓላዲየም ዘንግ፣ ዙሪያውን የፕላቲነም ሽቦ። ኤሌክትሪክ ሲለቀቅበት ውሃው ይበጣጠስና ዲዩቴሪየሙ ወደ ፓላዲየሙ ይሰርጋል። ሁለቱ ሰዎች የሚወጣው ሙቀት ከሚገባው ኤሌክትሪክ እንደሚበልጥና ትርፉ በኬሚስትሪ ብቻ ሊብራራ እንደማይችል ተናገሩ።

ከጀርባው ፉክክር ነበረ። በዚያው ክፍለ ግዛት በብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ የሚሠራው ስቲቨን ጆንስ በቅርብ ርዕስ ላይ ይመራመር ነበር። ሁለቱ ወገኖች ጽሑፋቸውን ማርች 24 ቀን አብረው ወደ ኔቸር መጽሔት ሊልኩ ተስማምተው ነበር ይባላል። የዩታ ሰዎች በአንድ ቀን ቀድመው ጋዜጠኛ ጠሩ። በእኔ እምነት የነገሩ ሁሉ ጠንቅ እዚህ ላይ ነው። ዓለም ወሬውን ሲሰማ ሙከራውን ለመድገም የሚያስችል ዝርዝር በእጁ አልነበረም። ብዙዎች መጠኑን ከቴሌቪዥን ምስል እየገመቱ ለመሥራት ተገደዱ።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ሳምንታት እብደት ነበሩ ማለት ይቻላል። የዩታ ምክር ቤት 5 ሚሊዮን ዶላር መደበ። ኤፕሪል 10 ቀን የቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ተመራማሪዎች ትርፍ ሙቀት አገኘን አሉ። በዚያው ቀን የጆርጂያ ቴክ ሰዎች የውህደት ምልክት የሆነውን ኒውትሮን ለካን አሉ። ከሁለት ቀን በኋላ ፖንስ ዳላስ ላይ ወደ 7,000 በሚጠጉ ኬሚስቶች ፊት ሲናገር ጭብጨባው አዳራሹን ሞላው። በወሩ መጨረሻ ዩታ ከአሜሪካ ኮንግረስ 25 ሚሊዮን ዶላር ጠየቀች። የፓላዲየም ዋጋ ተሰቀለ። መሣሪያው ቀላል ስለመሰለ ተማሪውም፣ መሐንዲሱም፣ የሰፈር ኤሌክትሪሺያኑም እጅጌውን ሰበሰበ። የአማተር ሙከራ ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ ጸደይ ነው።

ውድቀቱም ፈጣን ነበር። ጆርጂያ ቴክ በሦስት ቀን ውስጥ ቃሉን አነሳ፤ የኒውትሮን ጠቋሚያቸው ለሙቀት ምላሽ ይሰጥ ነበር። በኤም አይ ቲ የነሪቻርድ ፔትራሶ ቡድን የዩታ ሰዎች እንደ ማስረጃ ያቀረቡት የጋማ ጨረር ምልክት ቅርጹ ትክክል ሊሆን እንደማይችል አሳየ። በካልቴክ ናታን ሉዊስና ባልደረቦቹ ሙከራውን በተለያየ መልክ ደጋግመው ምንም አጡ። ሜይ 1 ቀን ባልቲሞር ላይ በተደረገው የአሜሪካ ፊዚክስ ማኅበር ስብሰባ ስቲቨን ኩኒን የሁለቱን ኬሚስቶች ብቃት በአደባባይ አጣጣለ። በእንግሊዝ ፍላይሽማን ራሱ የመከረው የሃርዌል ላቦራቶሪም በጁን ሙከራውን ያለ ውጤት ዘጋ። በኖቬምበር የአሜሪካ ኢነርጂ ሚኒስቴር የሾመው ኮሚቴ አሳማኝ ማስረጃ አላገኘንም፣ ልዩ በጀትም አያስፈልግም አለ። ለመጠነኛ ምርምር ግን በሩን ሙሉ በሙሉ አልዘጋም። በዩታ ገንዘብ የተቋቋመው ብሔራዊ የቀዝቃዛ ውህደት ተቋም በ1991 ተዘጋ።

ክርክሩ ምን ላይ ነው

ሁሉም ነገር የሚያርፈው ሙቀት መለካት ላይ ነው። ለዚህ የሚያገለግለው መሣሪያ ካሎሪሜትር ይባላል። 10 ዋት ገብቶ 10 ዋት ተኩል ወጣ ብሎ ለመናገር ልኬቱ ከዚያ ግማሽ ዋት በጣም የጠራ መሆን አለበት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሰናከላል። ውሃው ሲበጣጠስ የሚወጡት ጋዞች ኃይል ይዘው ይሄዳሉ። ለከባድ ውሃ ይህ ድርሻ የኤሌክትሪኩ ፍሰት በ1.54 ቮልት ተባዝቶ ይሰላል። ጋዞቹ ሳይወጡ እዚያው ዕቃ ውስጥ ተመልሰው ከተዋሃዱ ሙቀቱ ይመለሳል፤ ስሌቱ ካልተስተካከለ ትርፍ ይመስላል። ውሃው በደንብ ካልተማሰለ ቴርሞሜትሩ ሞቃቱን ጥግ ብቻ ሊያነብ ይችላል። የውሃው መጠን ሲቀንስ የዕቃው ባሕርይ ይለወጣል። ኤሌክትሪኩ የሚቆራረጥ ከሆነ ደግሞ ርካሽ መለኪያ የሚገባውን ኃይል አሳንሶ ያነባል።

ሁለተኛው ጥያቄ ጨረር ነው። ዲዩቴሪየም ሲዋሃድ በታወቀው መንገድ ከሆነ፣ ለእያንዳንዱ ዋት ሙቀት በሰከንድ ወደ አንድ ትሪሊዮን የሚጠጋ ኒውትሮን ይወጣል። ያለ መከላከያ አጠገቡ የቆመ ሰው በጽኑ ይጎዳል። ፖንስና ፍላይሽማን ጤነኞች ነበሩ። ደጋፊዎች ለዚህ የሚሰጡት መልስ፣ በብረት ውስጥ ያለው ሂደት ሌላ ነው፣ ሄሊየም ብቻ ፈጥሮ ኃይሉን ለብረቱ ያካፍላል የሚል ነው። በካሊፎርኒያ የቻይና ሌክ የባሕር ኃይል ላቦራቶሪ የነበረው ሜልቪን ማይልስ ሙቀትና ሄሊየም አብረው ሲጨምሩ አይቻለሁ ብሎ ጽፏል። ተጠራጣሪዎች ደግሞ አየር ራሱ በሚሊዮን 5 ገደማ ሄሊየም አለው፣ መስታወትንም ያልፋል ይላሉ። የነፓኔት ችግር መሆኑ ነው። የማይልስ ሥራ በጥንቃቄ የተሠራ ነው፤ ይሁንና ብቻውን አከራካሪውን ነገር አይፈታም።

ከዩታ በኋላ

ቶዮታ በደቡብ ፈረንሳይ ሶፊያ አንቲፖሊስ ላቦራቶሪ ከፍቶ ሁለቱን ሰዎች አሠራ፤ በ1998 ተዘጋ። ጃፓንም የራሷን ፕሮግራም እስከ 1997 ድረስ አካሂዳ አቆመች። በካሊፎርኒያው የምርምር ተቋም ኤስ አር አይ የማይክል ማኩብሬ ቡድን፣ ፓላዲየሙ ለእያንዳንዱ አቶሙ ከሞላ ጎደል አንድ የዲዩቴሪየም አቶም ካልያዘ ምንም አይታይም የሚል መደምደሚያ ላይ ደረሰ። በዚያው ላቦራቶሪ ጃንዋሪ 2 ቀን 1992 አንድ ዕቃ ፈንድቶ አንድሩ ራይሊ የተባለ ተመራማሪ ሞተ። ኤድመንድ ስቶርምስ ከሎስ አላሞስ የኑክሌር ላቦራቶሪ ጡረታ ወጥቶ ሳንታ ፌ ውስጥ በቤቱ ላቦራቶሪ መሥራቱን ቀጠለ። ለአማተሮች የቤት ካሎሪሜትር ደረጃ ምን ሊደርስ እንደሚችል ያሳየው እሱ ነው። የኤም አይ ቲ የሳይንስ ጸሐፊ የነበረው ዩጂን ማሎቭ ደግሞ ሥራውን ለቅቆ ኢንፊኒት ኢነርጂ የተባለ መጽሔት መሠረተ።

በግልጽ መድረክ የሠሩት አማተሮች

ለእኔ የዚህ ታሪክ ምርጡ ክፍል በ2012 ይጀምራል። በዚያ ዓመት ጣሊያናዊው ፊዚሲስት ፍራንቼስኮ ቼላኒ ገጹ የተለየ ዝግጅት የተደረገበትን የኮንስታንታን ሽቦ፣ ማለትም የመዳብና ኒኬል ቅይጥ፣ በሃይድሮጅን ውስጥ ሲያሞቅ ትርፍ ሙቀት ይሰጣል ብሎ በኦስቲን ቴክሳስ አሳየ። በተለያዩ አገሮች የሚኖሩ መሐንዲሶችና አማተሮች ተሰባስበው የማርቲን ፍላይሽማን መታሰቢያ ፕሮጀክትን መሠረቱ። ፍላይሽማን ያረፈው በዚያው ዓመት ኦገስት ነው። ደንባቸው ግልጽ ነበር። ሙከራው በቀጥታ ይታያል። ጥሬው መረጃ ወዲያውኑ ለሁሉም ይለቀቃል። ማንም ሰው ስህተቱን ሊጠቁም ይችላል። ወጪው በመዋጮ ይሸፈናል።

የቼላኒን ዕቃ ሠርተው በመጀመሪያ ጥቂት ትርፍ የሚመስል ነገር አዩ። ድል ተገኘ ብለው አላወጁም። መለኪያውን አሻሻሉ፤ ትርፉ እየደበዘዘ ሄደ። ይህንንም እንዳለ አሳወቁ።

ትልቁ ሥራቸው የሉጋኖ ጉዳይ ነው። ጣሊያናዊው አንድሪያ ሮሲ በ2011 ቦሎኛ ላይ ኢ-ካት የተባለ የኒኬልና ሃይድሮጅን መሣሪያ አሳይቶ ነበር። በ2014 ከጣሊያንና ከስዊድን የመጡ ተመራማሪዎች መሣሪያውን በስዊዘርላንዷ ሉጋኖ ለ32 ቀናት ፈትነው፣ ከገባው ኃይል ከሦስት እጥፍ በላይ ሙቀት ወጣ ብለው ጻፉ። የሙቀት መጠኑን ያነበቡት በኢንፍራሬድ ካሜራ ነው። እንዲህ ያለ ካሜራ ሙቀቱን የሚያሰላው ቁሱ ጨረር የመልቀቅ አቅሙ ስንት ነው በሚል ቁጥር ላይ ተመሥርቶ ነው። ያ ቁጥር ኢሚሲቪቲ ይባላል። ፈታኞቹ በከፍተኛ ሙቀት ላይ 0.4 አካባቢ አስገቡ። የመሣሪያው ገጽ የተሠራበት አሉሚና የተባለው ሴራሚክ ግን ካሜራው በሚያይበት የሞገድ ክልል ውስጥ ከ0.9 በላይ ነው። ቁጥሩ ሲያንስ ካሜራው ሙቀቱን አግንኖ ያሰላል።

አማተሮቹ ይህን በወረቀት ብቻ አልተከራከሩበትም። ነዳጅ የሌለበት ተመሳሳይ የአሉሚና ቱቦ ሠሩ። ቴርሞከፕል በተባለ በሚነካ የሙቀት መለኪያና በካሜራ ጎን ለጎን ለኩት። በሉጋኖ አሠራር ካሜራው ከእውነተኛው እጅግ የበለጠ ሙቀት አሳየ። የትርፉ ዋና ክፍል በዚህ ይብራራል። ሰዎቹ ቀዝቃዛ ውህደት እውነት እንዲሆን ከልባቸው የሚመኙ ነበሩ። ሆኖም የሚወዱትን ውጤት በገዛ እጃቸው አፈረሱት። ይህ ሊከበር ይገባል። የሮሲና የአጋሩ ኩባንያ ክርክር ፍርድ ቤት ደርሶ በ2017 በስምምነት ተቋጨ።

ሌላው የአማተር ውህደት

ከዚህ ጋር የማይምታታ ሌላ የጋራዥ ሙከራ አለ። ፊውዞር ይባላል። መነሻው የቴሌቪዥን ፈልሳፊው ፋይሎ ፋርንስዎርዝ ነው። አየሩ በተመጠጠ (ቫኪዩም) ዕቃ ውስጥ ጥቂት ዲዩቴሪየም ይገባል፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ቮልት ይለቀቅበታል። እዚህ ውህደቱ እውነተኛ ነው፣ ማንም አይክደውም። በ2018 በሜምፊስ ቴነሲ አንድ የ12 ዓመት ልጅ አሳክቶታል። የሚበላው ኤሌክትሪክ ግን ከሚሰጠው እጅግ ይበልጣል። ትርፍ ኃይል ይሰጣል የሚልም የለም።

አሁን ያለበት ደረጃ

ጉግል ከ2015 ጀምሮ 10 ሚሊዮን ዶላር ያህል አውጥቶ ወደ 30 ተመራማሪዎች አሠራ። በ2019 ኔቸር ላይ የወጣው ውጤት ትርፍ ሙቀት አልተገኘም ይላል። በ2023 የአሜሪካ መንግሥት ኤጀንሲ አርፓ-ኢ ለስምንት ፕሮጀክቶች 10 ሚሊዮን ዶላር ሰጠ። በ2025 ከጉግል ቡድን አንዱ የነበረው ኩርቲስ በርሊንጌት በካናዳ አዲስ ነገር አሳተመ። ዲዩቴሪየም በሚወረወርበት ፓላዲየም ውስጥ በኤሌክትሪክ ተጨማሪ ዲዩቴሪየም ሲሞላ የውህደቱ ፍጥነት በአማካይ 15 በመቶ ጨመረ። ማስረጃው የተቆጠረ ኒውትሮን ነው። የሚገኘው ኃይል ከዋት አንድ ቢሊዮንኛ ገደማ ብቻ ነው። ትርፍ ሙቀት የሚለውን ክርክር አይነካውም። ኤሌክትሮኬሚስትሪ በኑክሌር ሂደት ላይ ተጽዕኖ ሊኖረው እንደሚችል ግን በጥሩ ሁኔታ ያሳያል።

በአማተሮች ዘንድ በጊዜ ብዛት የዳበረ ልማድ አለ። መጀመሪያ ዕቃው በተራ ማሞቂያ ሽቦ ካሊብሬት ይደረጋል፣ ማለትም ንባቡ በታወቀ ሙቀት ይመሳከራል። ከዚያ ከዋናው ጎን ተራ ውሃ የያዘ ማነጻጸሪያ ይሠራል። የሚገባው ኃይል በሁለት የተለያዩ መለኪያዎች ይነበባል። ዕቃው ከሙከራው በፊትና በኋላ ይመዘናል። ሃይድሮጅንና ኦክስጅን በተዘጋ ዕቃ ውስጥ እንዲጠራቀሙ አይተዉም። በኒኬል ሙከራዎች የሚጨመረው ሊቲየም አሉሚኒየም ሃይድራይድ ውሃ ሲነካው ስለሚቀጣጠል እርጥበት በሌለበት ሳጥን ውስጥ ይያዛል፤ ዕቃው በሚሞቅበት ጊዜም በመከለያ ተጋርዶ ከርቀት ይከታተሉታል።