ጸጋ ምንድን ነው?

ከጥቅምት ወዲህ በጅማ ዙሪያ ቡና ሲቀላ፣ ሲለቅሙ የዋሉ ሰዎች ወደ ማታ ሚዛን ፊት ይሰለፋሉ። ቅርጫቱ ከወገብ ይፈታል፣ ቀዩ እሸት ጆንያ ውስጥ ይገለበጣል፣ የቡናው ማር የተጣበቀበት እጅ ገንዘቡን ይቀበላል። ብዙ የለቀመ ብዙ፣ ጥቂት የለቀመ ጥቂት ያገኛል። ደመወዝ ማለት ይህ ነው።

ሐዋርያው ጳውሎስም ጸጋን ያስረዳው ከደመወዝ ጋር አነጻጽሮ ነው፦ «የኃጢአት ደመወዝ ሞት ነውና፤ የእግዚአብሔር የጸጋ ስጦታ ግን በክርስቶስ ኢየሱስ በጌታችን የዘላለም ሕይወት ነው» (ሮሜ 6፥23)። ሞቱን ሠርተን አግኝተነዋል። ሕይወቱ ግን ያልሠራንበት ነው።

ቃሉ ከግእዝ የመጣ ነው፤ «ጸገወ» ማለት ቸረ፣ በነጻ ሰጠ ማለት ነው። ባለጸጋ ስንል ሀብታም ማለታችን ስለሆነ ጸጋ ሲባል ቶሎ የሚታሰበን ሀብት ነው። በመዳን ትምህርት ሀብቱ የሰጪው ነው፤ ተቀባዩ ባዶ እጁን ነው የሚዘረጋው።

ይህን እንደ ማቴዎስ 20 ቁልጭ አድርጎ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም። የወይን አትክልት ባለቤት ማለዳ፣ በ3፣ በ6፣ በ9 እና በ11 ሰዓት ሠራተኛ ቀጠረ። (አቆጣጠሩ የእኛው ነው፤ 11 ሰዓት ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ማለት ነው።) ሲመሽ ለሁሉም እኩል አንድ አንድ ዲናር፣ ማለትም የአንድ ቀን ደመወዝ፣ ከፈለ። የማለዳዎቹ አጉረመረሙ። እውነቱን ለመናገር፣ ሚዛን ፊት ቆሞ የሚያውቅ ሰው ማጉረምረማቸው ይገባዋል። ግን ከእነርሱ ምንም አልተቀነሰም፤ ያስቆጣቸው ለሌላው የተደረገው ቸርነት ነው።

የሰው ፈቃድ ያለ ጸጋ እርዳታ ከኃጢአት ሊርቅ ይችላል የሚለውን የመነኩሴውን የጴላግዮስን ትምህርት በሰሜን አፍሪካ የተደረገው የካርቴጅ የጳጳሳት ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ418 አውግዟል። ዛሬ በአብያተ ክርስቲያናት መካከል ያለው ልዩነት ጸጋ እንዴት ይሠራል በሚለው ላይ ነው። ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ጥምቀትንና ቁርባንን በመሳሰሉት 7ቱ ምስጢራት እንደሚሰጥና ሰውም በእምነትና በምግባር እንደሚተባበረው ታስተምራለች፤ ወንጌላውያን በእምነት ብቻ ይገኛል፣ መልካም ሥራም ፍሬው ነው ይላሉ። ጸጋ ኃጢአት ለመሥራት የተሰጠ ፈቃድ እንዳልሆነ ግን ሁሉም ይስማማሉ።

ከምሳሌው እኔን ሁልጊዜ የሚይዘኝ የ11 ሰዓቶቹ ነገር ነው። ባለቤቱ ለምን ሥራ ፈታችሁ ቆማችሁ ሲላቸው የሚቀጥረን አጣን አሉ። ከማለዳዎቹ ጋር በአንድ ዲናር ተዋውሎ ነበር፤ ከእነዚህ ጋር ግን ዋጋ አልተቆረጠም። ቀኑ አልቆ ሳለ ቃሉን ብቻ አምነው ገቡ። «ጸጋው በእምነት አድኖአችኋልና» (ኤፌሶን 2፥8) የሚለውን ባነበብሁ ቁጥር በዓይኔ የሚመጡት እነዚያ ሰዎች ናቸው፤ እጃቸውን ዘርግተው፣ ምን ያህል እንደሚሰጣቸው ሳያውቁ።