የተመሰጠረ መልእክት ሁሉ ማንነትን አይደብቅም

«ከዳር እስከ ዳር የተመሰጠረ» የሚለውን ሲያነብ ብዙ ሰው ማንነቱም የተሸሸገ ይመስለዋል። ምስጠራ የሚሸፍነው ግን የመልእክቱን ይዘት ብቻ ነው። ዋትስአፕ የጻፉትን ባያነብም ስልክ ቁጥርዎን ያውቃል።

ሪኮሼት ሪፍሬሽ የተባለው የመልእክት መተግበሪያ የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው። መሃል ላይ ሰርቨር የለውም፤ የራስዎ ኮምፒውተር በቶር (ግንኙነትን በተለያዩ ኮምፒውተሮች እያሳለፈ መነሻውን በሚሸሽግ መረብ) ላይ የኦንየን አገልግሎት፣ ማለትም ያለበት ቦታ የማይታወቅ ተቀባይ፣ ይሆናል። መለያዎ ከሚስጥር ቁልፍዎ ጥንድ የወጣ ባለ 56 ፊደልና ቁጥር አድራሻ ነው፤ ስምም ስልክም አይጠየቅም። እያንዳንዱ ወገን በሦስት የቶር ማስተላለፊያ ኮምፒውተሮች አልፎ መሃል ላይ ስለሚገናኝ አንዱ የሌላውን አይፒ (የኢንተርኔት አድራሻ ቁጥር) አያይም።

ዋጋው? ሁለታችሁም በአንድ ጊዜ ካልተገናኛችሁ መልእክቱ አይደርስም፤ የሚያቆይልዎ ሰርቨር የለማ! ኮምፒውተሩ ተበላሽቶ የቁልፉ ፋይል ከጠፋ መለያውም አብሮ ይጠፋል፤ «የይለፍ ቃል ረሳሁ» የሚባል ነገር የለም። የድሮዎቹ ባለ 16 ፊደል አድራሻዎችም ቶር በ2021 ድጋፉን ስላቋረጠ አይሠሩም።

አደገኛው ስህተት መለያን በአደባባይ መለጠፍ ነው። አድራሻውን የያዘ ሰው መቼ መስመር ላይ እንዳሉ መከታተል ይችላል፤ ይህን ሰዓት ከሌላ ቦታ ከሚታይ እንቅስቃሴዎ ጋር ማመሳከር ደግሞ አይከብድም። በ2024 የጀርመን መገናኛ ብዙኃን ፖሊስ በጊዜ ማመሳከር አንድ የሪኮሼት (የሪኮሼት ሪፍሬሽ ቀዳሚ) ተጠቃሚ ላይ መድረሱን ዘግበው ነበር። የቶር ፕሮጀክት በሰጠው ምላሽ ሰውየው ሲጠቀምበት የነበረው መከላከያ የሌለው አሮጌ እትም እንደነበር ገልጿል። ስለዚህ ማዘመን ቀልድ አይደለም።