«ሜዲኬር ስለሚከፍል ሁሉም ያው ነው»፦ ሆስፒስ ስትመርጡ የሚያሳስቱ አባባሎችና እውነታው

አሜሪካ ያሉ ቤተሰቦቻችን ሆስፒስ፣ ማለትም ዕድሜው ሊያልቅ ለተቃረበ ታማሚ ሕመሙን የሚያስታግስ እንክብካቤ የሚሰጥ ድርጅት፣ የሚመርጡት ብዙ ጊዜ በአንድ ከሰዓት በኋላ ነው። ሆስፒታሉ «ነገ ይወጣሉ» ይላል፣ ሶሻል ወርከሯ የስም ዝርዝር ትሰጣለች፣ ከልጆቹ አንዱ ለቤት የሚቀርበውን ይጠቁማል፣ ይፈረማል። ለምን አልጠየቃችሁም ሲባሉ መልሳቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «የሚከፍለው ሜዲኬር (የመንግሥት የአረጋውያን ጤና መድን) ነው፤ ሁሉም ያው ነው።» ያገለገለ መኪና ለመግዛት ሦስት ቦታ የሚደውል ሰው ለእናቱ የመጨረሻ ሳምንታት አንድ ስልክ ሳይደውል ይፈርማል። ሌሎቹንም ስህተቶች እናነሣለን፤ ከሁሉ በላይ ጉዳት የሚያደርሰው ግን ይኼ ነው።

«ሁሉም ያው ነው»

ያው አይደለም፤ ምክንያቱም ያለው ደግሞ እዚያው አከፋፈሉ ውስጥ ነው። ሜዲኬር ሆስፒስን የሚከፍለው በቀን ሒሳብ ነው። በመደበኛው የቤት እንክብካቤ ለመጀመሪያዎቹ 60 ቀናት መነሻ ተመኑ በቀን ከ200 ዶላር በላይ ሲሆን ከ61ኛው ቀን ጀምሮ ዝቅ ይላል። በዚያ ቀን ነርስ መጣችም ቀረችም ይኸው ይከፈላል፤ በመጨረሻዎቹ 7 ቀናት ብቻ ለነርስና ለሶሻል ወርከር ጉብኝት ጭማሪ አለ። ስለዚህ ሁለት ድርጅቶች እኩል ገንዘብ ተቀብለው አንዱ ነርስ በሳምንት ሦስት ጊዜ ሊልክ፣ ሌላው በአንድ ጉብኝት ሊያልፍ ይችላል። ሕጉ ዝቅተኛውን አስቀምጧል፦ ከፈረማችሁ በ48 ሰዓት ውስጥ ነርስ መጥታ ትመረምራለች፤ ሙሉው ግምገማ በ5 ቀን ያልቃል፤ የእንክብካቤ እቅዱ ቢያንስ በየ15 ቀኑ ይከለሳል፤ ነርስ ቀንም ሌሊትም ትገኛለች። ከዚህ በላይ የሚደረገው እንደየድርጅቱ ይለያያል።

ልዩነቱ በሥራ ሰዓት አይታይም። ማክሰኞ ጠዋት ሁሉም ስልክ ያነሣል። የሚታየው ቅዳሜ ሌሊት ነው። ደካማ ድርጅት ዘንድ ነገሩ እንዲህ ይበላሻል፦ ሕመሙ ይነሣል፤ ስልኩን የሚያነሣው ነርስ ሳይሆን መልእክት ተቀባይ ነው፤ ተረኛዋ ነርስ ሁለት ካውንቲ ብቻዋን ስለያዘች መልሳ የምትደውለው ከሰዓት በላይ ቆይታ ነው፤ መድኃኒቱ ቤት ውስጥ የለም፣ ፋርማሲው ተዘግቷል፤ ቤተሰቡ ይጨንቀውና 911 ይደውላል። አባባ ላለመመለስ ፈርመው የወጡበት ድንገተኛ ክፍል ኮሪደር ላይ ያድራሉ።

እያንዳንዱ ብልሽት ከመፈረማችሁ በፊት የምትጠይቁት ጥያቄ አለው። ሌሊት ስንደውል የሚያነሣው ማነው? ተረኛ ነርስ በስንት ደቂቃ መልሳ ትደውላለች? ቤታችን ለመድረስስ? በአንድ ሌሊት ስንት ተረኛ ነርስ ለስንት ታማሚ አለ? አንዷ የቀን ነርስ ስንት ታማሚ ትይዛለች? ከ12 እስከ 15 የተለመደ ነው፤ 20 ካሉ ወይም ቁጥሩን መናገር ካልፈለጉ ተጠንቀቁ። የድንገተኛ ማስታገሻ ሣጥኑ በመጀመሪያው ቀን ቤት ይገባል ወይስ «ሲያስፈልግ እናዛለን»? ሣጥኑ ውስጥ በአብዛኛው ፈሳሽ ሞርፊን፣ ለጭንቀት ሎራዜፓም፣ ለማቅለሽለሽና ለመቃዠት ሃሎፔሪዶል፣ በመጨረሻ ሰዓት ለሚሰማው የጉሮሮ ድምፅ አትሮፒን ጠብታ፣ ለሆድ ድርቀት ቢሳኮዲል ይኖራል። «ሲያስፈልግ» የሚለው መልስ ቅዳሜ ሌሊት አይሠራም።

ከጥያቄ የሚበልጥ ፈተና ደግሞ አለ፦ ሳትፈርሙ በፊት ማታ ዘግይታችሁ፣ ቢቻል እሁድ፣ የድርጅቱን ዋና ስልክ ደውሉ። «እናታችንን ልናስገባ እያሰብን ነው፤ ተረኛ ነርስ ልታነጋግረን ትችላለች?» በሉና ሰዓት ያዙ። ከየትኛውም ብሮሹር የበለጠ ይነግራችኋል።

ሌላው መለኪያ ድርጅቱ አራቱንም የእንክብካቤ ደረጃዎች በተግባር መስጠቱ ነው። ሜዲኬር አራቱንም እንዲያቀርብ ያስገድደዋል፦ መደበኛው የቤት እንክብካቤ፤ ሕመሙ ሲበረታ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ 8 ሰዓት ቤት ውስጥ የሚሰጠው ተከታታይ እንክብካቤ፤ ቤት ውስጥ ሊገታ ለማይችል ሕመም የተኝቶ ሕክምና፤ አስታማሚው እንዲያርፍ ታማሚው እስከ 5 ተከታታይ ቀናት ተቋም ውስጥ የሚቆይበት። ብዙ ድርጅቶች በወረቀት አራቱም አሏቸው፣ በተግባር ግን ከመጀመሪያው አይወጡም። «ባለፈው ወር ስንት ታማሚ ተከታታይ እንክብካቤ አገኘ? ለተኝቶ ሕክምና ውል ያላችሁ ከየትኛው ተቋም ጋር ነው?» በሉ። የተቋሙን ስም መጥራት ካቃታቸው ውሉ የለም ማለት ይቻላል።

«አምስት ኮከብ ካለው ይበቃል»

ሆስፒሶችን የሚያነጻጽረው የሜዲኬር ድረ ገጽ፣ ኬር ኮምፔር፣ ጠቃሚ ነው፤ ግን አነባበቡን እወቁ። ኮከቡ የሚመጣው ታማሚው ካረፈ በኋላ አስታማሚው ከሚሞላው መጠይቅ ነው፤ 75 የተሞላ መጠይቅ ያልተሰበሰበለት ድርጅት ኮከብ አይኖረውም። ስለዚህ ኮከብ የሌለው ሁሉ መጥፎ አይደለም፣ ትንሽ ወይም አዲስ ሊሆን ይችላል። መረጃውም የቆየ ስለሆነ ባለቤቱ በቅርብ የተቀየረ ድርጅት የድሮውን ኮከብ ተሸክሞ ይቆያል። ለእኛ ደግሞ አንድ ነገር ይጨመራል፤ መጠይቁ ከተተረጎመባቸው ቋንቋዎች መካከል አማርኛ የለም። አማርኛ ብቻ የሚያነቡ አስታማሚዎች ያዩት ነገር ኮከቡ ውስጥ አልገባም።

ከኮከቡ ይልቅ ሁለት ቁጥሮችን ፈልጉ። አንደኛው ከ10 የሚሰጠው የሆስፒስ እንክብካቤ ነጥብ ነው፤ በነርስ ጉብኝቶች መካከል የሚኖረውን ረጅም ክፍተት፣ የቅዳሜና እሁድ የነርስ ሰዓትን፣ ታማሚዎች በሕይወት እያሉ ከሆስፒስ የሚሰናበቱበትን መጠን ሁሉ ይመዝናል። ሁለተኛው ከመጨረሻዎቹ 3 ቀናት ቢያንስ በ2ቱ ነርስ ወይም ሶሻል ወርከር በአካል የጎበኟቸው ታማሚዎች መቶኛ ነው። ይህ ቁጥር ከግዛቱ አማካይ በጣም ከወረደ ኮከቡን እርሱት።

«ሞርፊን ቶሎ ይገድላል»

ይህን ፍርሃት በየቤቱ የምትሰሙት ሞርፊን ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ሞት ሲቃረብ በመሆኑ፣ የመጨረሻው ጠብታና የመጨረሻው ትንፋሽ አብረው ስለሚታወሱ ነው። በትክክለኛ መጠን የተሰጠ ሞርፊን ሕመምንና የትንፋሽ ማጠርን ያስታግሳል፤ የሚገድለው ሕመሙ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ማንቀላፋት የተለመደ ነው፣ ከዚያ በአብዛኛው ይቀንሳል። በፍርሃት መጠኑን እየቀነሳችሁ ወይም «ሲብስ ብቻ» እያላችሁ ብትሰጡ ሕመሙ በየጊዜው ይፈነዳል፣ ከዚያ ለማስታገስ የበለጠ መጠን ያስፈልጋል።

አደጋው ያለው አለካኩ ላይ ነው። ቤት የሚመጣው ፈሳሽ ብዙ ጊዜ በ1 ሚሊ ሊትር 20 ሚሊ ግራም የያዘ ነው። 5 ሚሊ ግራም ታዘዘ ማለት 0.25 ሚሊ ሊትር ነው፤ ነጥቧን ስቶ 2.5 የቀዳ ሰው አሥር እጥፍ ሰጠ። ሆስፒሱን ለመመዘን ጥሩ አጋጣሚ ይኼ ነው። ጥሩ ነርስ ስሪንጁ ላይ መሥመር ታሰምራለች፣ በእናንተ እጅ እያስቀዳች ታያለች፣ የሰዓትና የመጠን መመዝገቢያ ትተዋለች፣ በሚቀጥለው ጉብኝት ጠርሙሱን ትለካለች። ከሞርፊኑ ጋር እንደ ሴና ያለ የሆድ ማለስለሻ አብሮ ካልታዘዘ ሐኪሙ በጥንቃቄ እየሠራ አይደለም፤ የሆድ ድርቀቱ በራሱ ጭንቅ ነው። ኩላሊታቸው የደከመ ከሆነ ሞርፊን ሰውነት ውስጥ ስለሚጠራቀም መፍዘዝና መንቀጥቀጥ ያመጣል። «ለኩላሊታቸው የሚስማማው የትኛው ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ነርሷ ሐኪሙን ጠይቃ መልስ ካላመጣች አስታውሷት።

«ነርሷ ቀንም ሌሊትም አብራ ትቀመጣለች»

አትቀመጥም። በመደበኛው ደረጃ ነርስ በሳምንት ከአንድ እስከ ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ትመጣለች፤ ገላ የምታጥበዋ ረዳት በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን። ቀሪውን ሰዓት የምትሸፍኑት እናንተ ናችሁ። በሳምንት ስንት ጉብኝት እንደሚሰጡ በእቅዱ ላይ አስጽፉ፤ ለቤቱ ኪራይም ሆነ ለነርሲንግ ሆም መኝታ ሜዲኬር እንደማይከፍል ደግሞ ቀድማችሁ እወቁ። የማይሸፍኑትን መድኃኒትና አገልግሎት በጽሑፍ እንዲሰጧችሁ መጠየቅ መብታችሁ ነው፤ ሲጀመር ከጠየቃችሁ በ5 ቀን ውስጥ መስጠት አለባቸው።

«ለእሳቸው አይነገርም፤ እኛ እንፈርማለን»

ከባድ ወሬ ከታማሚ መሰወር ከፍቅር የመጣ ልማድ ነው፤ ማንም ሊነቅፈው አይገባም። ነገር ግን የሆስፒስ መምረጫ ቅጹ እንክብካቤው ለማስታገስ እንጂ ለማዳን እንዳልሆነ ፈራሚው መረዳቱን የሚገልጽ ሰነድ ነው። የሚፈርመው ታማሚው ራሱ ወይም ሕጋዊ ውክልና ያለው ሰው ነው። አእምሯቸው ንቁ ለሆነ አባት ልጅ ስለሆነ ብቻ የሚፈርም የለም። «ግድ የለም፣ እዚህ ጋ ፈርሚ» ብሎ ወረቀት የሚገፋ ድርጅት ካያችሁ ሌላውንም ነገር እንዲሁ ያደርጋል።

መውጫው ሰውየውን መጠየቅ ነው። «ስለ ሕመምዎ ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ? ወይስ ለማን እንንገር?» ብዙ አረጋውያን «ለልጄ ንገሯት» ይላሉ። ያ ራሱ የእሳቸው ምርጫ ነው፤ መዝገባቸው ላይ ይጻፋል፣ ውክልናውም በዚያው ይፈረማል። ጥሩ የሆስፒስ ቡድን ይህን ውይይት ያውቅበታል።

እዚህ ላይ የቋንቋ ነገር ይገባል። «እኔው እተረጉማለሁ» አትበሉ። ከመንግሥት ክፍያ የሚቀበል ሆስፒስ ብቁ አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ በስልክም ይሆናል። ልጅ ሲተረጉም «ሊሞቱ ነው» የሚለውን ያለዝበዋል፣ እናት ደግሞ ልጇ ፊት ስለ ሆድ ድርቀቷ አትናገርም።

አጫጭሮቹ

«አንዴ ከገቡ መውጣት የለም።» በማንኛውም ቀን በጽሑፍ ትታችሁ ወደ መደበኛው ሕክምና መመለስ ትችላላችሁ።

«ስድስት ወር ካለፈ ይባረራሉ።» የስድስት ወሩ ነገር የሐኪም ግምት ነው። ሁለት የ90 ቀን ጊዜ፣ ከዚያ ሐኪም ብቁነቱን እስካረጋገጠ ድረስ ገደብ የሌለው የ60 ቀን ጊዜ ይቀጥላል።

«ለትርፍ የሚሠራ ሁሉ መጥፎ ነው።» በአሜሪካ ካሉት ሆስፒሶች ከአራቱ ሦስቱ ገደማ ለትርፍ የሚሠሩ ናቸው፤ በመካከላቸው ጥሩም አሉ። ቁጥሮቹን ተመልከቱ።

«ሜዲኬር ከሌለ ሆስፒስ የለም።» ግሪን ካርድ ይዘው በቅርብ የመጡ ወላጆች ሜዲኬርን በክፍያ ለመግዛት እንኳ 5 ዓመት ተከታታይ ነዋሪነት ያስፈልጋቸዋል። ብዙ ለትርፍ ያልቆሙ ሆስፒሶች ግን የነጻ እንክብካቤ ገንዘብ አላቸው፤ «የበጎ አድራጎት እንክብካቤ አላችሁ?» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ።

«የእነሱ ቄስ አለ፤ የነፍስ አባት አያስፈልግም።» የሆስፒሱ የመንፈሳዊ አገልግሎት ሠራተኛ የነፍስ አባታችሁን ወይም ኢማማችሁን ማመቻቸት እንጂ መተካት ሥራው አይደለም። ከዚሁ ጋር፦ ኦክስጅን ባለበት ክፍል ጧፍ፣ ዕጣንና የቡና ከሰል አይነድም። የቤታችሁን ልማድ ጠይቆ ይህን ያላስጠነቀቀ ነርስ ግምገማዋን አልጨረሰችም።

«ነጻ ነው ብለው ቤት ድረስ መጡ»

ይኼኛው ስህተት ሳይሆን ወጥመድ ነው። በበር ወይም በአረጋውያን ማእከል መጥተው ነጻ ዳይፐር፣ ዊልቸር፣ የጽዳት ሠራተኛ እያሉ የሜዲኬር ቁጥር የሚወስዱ አሉ። ሳያውቁት ሆስፒስ ውስጥ የተመዘገቡ እማማ በሚቀጥለው ወር ለልባቸው ሕክምና ሲሄዱ «ሜዲኬር አይከፍልም» ይባላሉ። ችግሩ ስለበዛ ካሊፎርኒያ በ2022 አዲስ የሆስፒስ ፈቃድ መስጠት አቁማለች፤ ሜዲኬርም ከ2023 ጀምሮ በአሪዞና፣ በካሊፎርኒያ፣ በኔቫዳና በቴክሳስ አዲስ የሚከፈቱትን በልዩ ቁጥጥር ሥር አድርጓል። እውነተኛ ሆስፒስ በስጦታ አይጀምርም፤ ሁለት ሐኪሞች የታማሚው ዕድሜ ሕመሙ በተለመደው መንገድ ከሄደ 6 ወር ወይም ከዚያ በታች ነው ብለው ሲፈርሙ ነው የሚጀምረው። ሳትፈርሙ የተመዘገባችሁ ከመሰላችሁ በ1-800-633-4227 ለሜዲኬር ደውሉ፤ አስተርጓሚ ጠይቁ።

«ከመረጥን በኋላ ምን ይደረጋል፣ እንቻለው»

አትቻሉት። በእያንዳንዱ የብቁነት ጊዜ (ከላይ ባነሣናቸው የ90 ወይም የ60 ቀን ጊዜዎች) አንድ ጊዜ ሆስፒስ መቀየር ይፈቀዳል፤ ማቋረጥ ሳያስፈልግ፣ የቀን ቆጠራውም ሳይፈርስ። መጀመሪያ አዲሱን ድርጅት አነጋግሩና ታማሚውን እንደሚቀበል አረጋግጡ፤ ከዚያ የሁለቱ ድርጅቶች ስምና የመቀየሪያው ቀን ያለበትን መግለጫ ፈርሙ፣ ለሁለቱም ስጡ። ቀኑ ሰኞ ወይም ማክሰኞ ቢሆን ይሻላል፤ ዓርብ የተቀየረ ታማሚ ቅዳሜን በማያውቁት ሰዎች እጅ ያሳልፋል። አልጋው፣ የኦክስጅን ማሽኑና ዊልቸሩ የቀድሞው ድርጅት ስለሆኑ ሊወስዳቸው ይመጣል፤ የአዲሱ ቤት ገብቶ፣ ኦክስጅኑ ተከፍቶ ሳይሠራ የድሮውን እንዳታስወጡ።