«እንግሊዝኛ ካለህ ይበቃሃል» እና ሌሎች ኖርዌይ እንደገባሁ የተነገሩኝ ነገሮች

ኖርዌይ የገባሁ ሰሞን ምክር የማይለግሰኝ ሀበሻ አልነበረም። ቡና በተፈላበት ቤት ሁሉ ወሬው ስለ ቋንቋው፣ ስለ ሰዉና ስለ ብርዱ ነው። አንዳንዱ ምክር እስከ ዛሬ ይጠቅመኛል። ሌላው ግን መንገድ አስቶኛል፤ አሁንም ለአዲስ ገቢዎች ሲነገር ስሰማ ዝም ማለት አቃተኝ።

«እንግሊዝኛ ካለህ ይበቃሃል»

ሱፐርማርኬት ውስጥ፣ አዎ። የሚያታልለውም ሰዉ እንግሊዝኛውን አቀላጥፎ መናገሩ ነው። እናንተ በኖርዌይኛ ስትንተባተቡ ያዝኑላችሁና ወዲያው ወደ እንግሊዝኛ ይቀይሩታል፣ በዚያው ቀረ። ከኮሙኑ፣ ማለትም ከአካባቢው አስተዳደር፣ የሚላክ ደብዳቤ ግን በኖርዌይኛ ነው። የመዋዕለ ሕፃናት የወላጆች ስብሰባም፣ ምሳ ሰዓት ላይ የሚወራው ቀልድም። ከአውሮፓ ውጭ የተማረ ነርስ የሙያ ፈቃድ ለማግኘት በኖርዌይኛ ቢ2 ደረጃ ማምጣት አለበት (የቋንቋ ደረጃዎቹ ከጀማሪው ኤ1 እስከ ሲ2 ይሄዳሉ)። ዜግነት ለሚጠይቅም ከኦክቶበር 2022 ጀምሮ የንግግር ፈተናው ከኤ2 ወደ ቢ1 ከፍ ብሏል። እኔን ያወጣችኝ አንዲት የሸመደድኳት ዓረፍተ ነገር ናት፦ «ካን ቪ ስናከ ኖሽክ?» በኖርዌይኛ እናውራ? ማለት ነው። ይህን ስላልኩት የተቆጣኝ ሰው የለም።

«ኖርዌይኛ ለእኛ ይከብዳል»

እዚህ ላይ እከራከራለሁ። እኛ ሄድኩ፣ ሄድክ፣ ሄድሽ፣ ሄደ፣ ሄደች፣ ሄድን፣ ሄዳችሁ፣ ሄዱ እያልን ያደግን ሰዎች ነን። እነሱ ለሁሉም «ዪክ» ብለው ይገላገላሉ።

ደግሞ ማጥበቅና ማላላት አለ። «ታክ» ላልቶ ሲነገር ጣሪያ ነው፣ ጠብቆ ሲነገር አመሰግናለሁ። ብዙ የውጭ ሰው እዚህ ላይ ይለፋል። እኛ ግን «አለ» የሚለውን ቃል ፊደሉ ምንም ሳይነግረን አንዴ «ተናገረ»፣ አንዴ «ይገኛል» አድርገን የምናነብ ነን። እነሱማ ቸር ናቸው፣ ሲጠብቅ ሁለት ኬ ይጽፉለታል። ብቻ ሲላላ «ታ»ዋን ሳብ ማድረግ ያስፈልጋል፣ እኛ የምንረሳው እሱን ነው።

የሚከብደው ሌላ ነው። የእኛ ግስ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል፣ የነሱ ሁለተኛ ቦታ ካልያዘ አይሆንም። «ዛሬ እኔ እሄዳለሁ» ለማለት «ዛሬ እሄዳለሁ እኔ» ማለት አለባችሁ። አስተማሪዬ ስድስት ወር ሙሉ፣ አፌን በከፈትኩ ቁጥር ሁለት ጣቷን ታነሳብኝ ነበር። ከንፈርን እንደ «ኡ» አሹሎ «ኢ» የሚባልበት አናባቢም አላቸው። እሱን ቤታችሁ መስታወት ፊት ተለማመዱት፣ አውቶቡስ ውስጥ ይቅርባችሁ።

«ኮርሱን ስትጨርስ ሁሉም ይገባሃል»

ክፍል ውስጥ አብዛኞቻችን የምንማረው ቦክሞል ነው። ኒኖሽክ የሚባል ሌላ የጽሕፈት ቋንቋም አለ፤ ከ1885ቱ የፓርላማ ውሳኔ ጀምሮ ሁለቱ እኩል ናቸው። ይሄ ግን ወረቀት ላይ ነው። ወደ አፍ ሲመጣ ሁሉም እንዳገሩ ይናገራል፣ ትክክለኛው አነጋገር ይሄ ነው የሚል ሕግ የለም። «እኔ» ኦስሎ ላይ «ያይ»፣ በርገን ላይ «ኤግ»፣ ትሮንድሃይም ላይ «ኤ» ነው። በትሮንድሃይም በኩል ራሳቸው የሚቀልዱበት ዓረፍተ ነገር አለ፦ «ኤ ኤ ኢ አ፣ ኤ ኦ።» እኔም «አ» ክፍል ነኝ ለማለት ነው። አናባቢ ብቻ! ይህን ስሰማ የፈተናው ሠርተፍኬት ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። የምትኖሩበትን አካባቢ ሬዲዮ ስሙ፤ ካልገባችሁ ደግሙልኝ በሉ። እነሱም እርስ በርሳቸው ይጠያየቃሉ።

«ቁጥር ካወቅክ ሰዓት አያስቸግርም»

ይሄ ገንዘብ አስከፍሎኛል። የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ ስይዝ በስልክ «ሃልቭ ኒ» ተባልኩ። ሃልቭ ግማሽ፣ ኒ ዘጠኝ፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ዘጠኝ ተኩል ብዬ ጻፍኩ። አሥር ደቂቃ ቀደምኩ ብዬ ኮራ እያልኩ ስገባ ሰዓቴ ካለፈ ሃምሳ ደቂቃ ሆኖታል። «ሃልቭ ኒ» ለካ ዘጠኝ ሊሆን ግማሽ ሲቀረው ነው፣ ማለትም ስምንት ተኩል። በዚያ ላይ በሀበሻ ሰዓት የሚያስብ ጭንቅላት ስድስት ሲደምር ሲቀንስ አስቡት። ላልተገኘሁበት ቀጠሮ ሂሳቡ ቤቴ ድረስ መጣ።

«ሥርዓት የላቸውም፣ እባክህ እንኳ አይሉም»

በየንግግሩ ጣል የሚደረግ «እባክህ» የላቸውም፣ እውነት ነው። አንቱታም ቀርቷል፤ አለቃውም ጠቅላይ ሚኒስትሩም «ዱ» ነው፣ አንተ። እኔ አዛውንት ጎረቤቴን በስማቸው ብቻ ለመጥራት ወራት ፈጅቶብኛል። ጨዋነታቸው ያለው ምስጋናው ላይ ነው። ለምግቡ ታክ፣ ለዛሬው ውሎ ታክ። ቅዳሜ አብራችሁት ያመሻችሁትን ሰው ሰኞ ስታገኙት ደግሞ «ታክ ፎር ሲስት» ትሉታላችሁ፣ ላለፈው ጊዜ አመሰግናለሁ እንደማለት። ይህን ሳያውቅ በዝምታ የሚያልፍ ሀበሻ ለእነሱ ደረቅ ነው።

ጎረቤት አይታወቅም የሚሉም አሉ። ሊፍት ውስጥ ላይታወቅ ይችላል። ፀደይ ሲመጣ ግን «ዱግናድ» የሚል ወረቀት በር ላይ ይለጠፋል። ደቦ ነው በቃ። ሰዉ መጥረጊያውን ይዞ ይወጣል፣ ግቢው ይጸዳል፣ ከዚያ ቡና አለ። የአራተኛ ፎቁን ሰውዬ ስም ያወቅኩት አብረን ቅጠል ስንሰበስብ ነው።

«ልጆቹ እንዳይምታታባቸው ቤት ውስጥም በኖርዌይኛ አውራ»

ይሄኛው ያናድደኛል። ልጅ ኖርዌይኛውን ከመዋዕለ ሕፃናት ይለቅመዋል። ከእናትና አባቱ የሚፈልገው አሟልተው የሚችሉትን ቋንቋ እንጂ የተሰባበረ ኖርዌይኛ አይደለም። ሐኪም ቤት ልጅን አስተርጓሚ ማድረግም ይቅር። ከድንገተኛ ሁኔታ በስተቀር፣ የመንግሥት አገልግሎቶች ልጅን አስተርጓሚ እንዳያደርጉ ከ2022 ጀምሮ በሕግ ተከልክለዋል። አስተርጓሚ ጠይቁ፣ ማንንም አታስቸግሩም።

«ትምህርቱ ለሁሉም ነፃ ነው»

አይደለም። ጥገኝነት አግኝቶ የመጣ ሰው ኖርዌይኛን በነፃ የመማር መብት አለው፤ ለሥራ የመጣ ግን ከኪሱ ይከፍላል። ዩኒቨርሲቲውም ከአውሮፓ ውጭ የሚመጡ ተማሪዎችን ከ2023 መኸር ጀምሮ ያስከፍላል። እጅ ሲያጥር ቀይ መስቀልና ቤተ መጻሕፍት የሚያዘጋጁት የቋንቋ ካፌ አለ፣ በነፃ ቁጭ ብሎ ማውራት ነው።

«ከነሱ ጋር ምንም አንመሳሰልም»

የሰሜን ሰዎች «ያ»፣ አዎ ለማለት፣ ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ሳብ ያደርጋሉ። ሌላው የውጭ ሰው ደንግጠው ይመስለዋል። እናቴ ወሬ ስትሰማ እንደዚያው ናት። አንድ ቀን የሥራ ባልደረባዬ ቡና ልቅዳልህ ወይ ስትለኝ ሳላስበው ትንፋሼን ሳብ አድርጌ መለስኩላት። ደግመህ በል ሳትለኝ ቀዳችልኝ።