ባቄላው ያደረበት ውሃ

ድሬዳዋ ውስጥ ጠዋት ፉል የሚያቀርብ ቤት ባቄላውን ማታ ዘፍዝፎ ነው የሚያሳድረው። ሲነጋ ውሃው ቡናማ ሆኖ ይገኛል። ከቀለሙ ጋር ከፍሬው የወጣ ብዙ ነገር አለ።

ቀድመው የሚወጡት በውሃ የሚሟሙት ናቸው፦ ቢ1ና ፎሌትን የመሰሉ ቫይታሚኖች፣ ፖታሲየም፣ ጥቂት ማግኒዥየም። ፕሮቲኑና ስታርቹ አብዛኛው እዚያው ይቀራል። ገለፈቱ ያልተነካ ፍሬ ቀስ ብሎ ይለቃል፤ ክክ ግን ራቁቱን ስለሆነ ቶሎ ይለቃል። የምስር ክክ ሌሊቱን ሙሉ የሚዘፈዘፍበት ምክንያት ለእኔ አይታየኝም። ታጥቦ ድስት ቢገባ ወዲያው ይበስላል።

ውሃው ግን ክፉውንም ይወስዳል። ባቄላና ሽምብራ ሆድ የሚነፉት ራፊኖስና ስታኪዮስ በሚባሉ ስኳሮች ነው። ትንሹ አንጀት አይፈጫቸውም፤ ትልቁ አንጀት ሲደርሱ ባክቴሪያ ያብላላቸውና ጋዝ ይሆናሉ። ከፊላቸው ከውሃው ጋር ይደፋል። ብረትና ዚንክ አስሮ የሚይዘው ፋይቲክ አሲድም ይቀንሳል። ቦሎቄ ላይማ ድርድር የለም፦ ውስጡ ያለው ሌክቲን መርዝ ስለሆነ የተዘፈዘፈበት ውሃ ተደፍቶ፣ በአዲስ ውሃ በደንብ ተንፈቅፍቆ ካልበሰለ አይበላም።

ሰዓቱን የሚወስነው አየሩ ነው። ድሬ ከባህር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በግንቦት ሙቀት ባቄላ ቶሎ ይርሳል፣ ቶሎም ይለቃል፤ ከረፈደ አረፋ ይዞ ይኮመጥጣል። ወደ 1,900 ሜትር የምትጠጋው ሐረር ላይ ሳይሰጉ ማሳደር ይቻላል። እዚያ ውሃ 94 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ፣ ሳይዘፈዘፍ የተጣደ ባቄላ ከሰል ይጨርሳል።

የድሬ ውሃ ካልሲየም ይበዛበታል፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ነገር ያላየ የለም። ካልሲየም ጥራጥሬን ያጠነክራል፣ ቶሎ አያበስልም። አንዳንዱ ሶዳ ጣል ያደርግበታል። በእርግጥ ያለሰልሳል፤ ግን የተረፈውን ቢ1 ሶዳው ያጠፋዋል። እኔ ሰዓት ብጨምር እመርጣለሁ።

ውሃ በጀሪካን በሚገዛበት ሰፈር ግን ያንን ቡናማ ውሃ መድፋት ያሳሳል። የእኛ ቤቱ ደጅ ያለችው ጤና አዳም ላይ ነው የሚፈሰው።